ለምኑ ነው አሜን ያልነው?

ሽማግሌው ማይኩን በሁለት እጃቸው ያዙ። የሙሽራው አያት ናቸው፤ ለዚህ ሰርግ ሲሉ ከደብረ ብርሃን ብሪስቶል ድረስ የመጡ፣ በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አውሮፕላን የተሳፈሩ። አዳራሹ ውስጥ ወደ ሁለት መቶ ሰው ነበር። ሙሽሮቹ ጎንበስ አሉ። ሽማግሌው መመረቅ ጀመሩ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ቀኝ እጃቸው ከፍ ሲል ይታየኛል። የሚሰማኝ ግን ወፍራም ጉምጉምታ ብቻ ነው። ኪቦርድ ተጫዋቹም ከስር ከስር መነካካቱን አላቆመም። ሽማግሌው ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም ሲሉ ሰው ሁሉ "አሜን!" አለ። እንደገና ጉምጉምታ። እንደገና "አሜን!"

እኔ ከሚክሰሩ ኋላ ቆሜያለሁ። ድምፁ የእኔና የጓደኛዬ ኃላፊነት ነበር። አንዱን ቁልፍ ጨመር አደረግኩ፤ ጉምጉምታው ባሰ። ቀነስኩ፤ ጭራሽ ጠፋ። ምርቃቱ አለቀ፣ እልልታው ቀለጠ፣ ጭፈራው ቀጠለ። የተቆጣ ሰው አልነበረም። እንዲያውም "ቤዙ ልብ ያወልቃል!" እያሉ ትከሻዬን ቸብ ቸብ ያደረጉኝ ብዙ ናቸው።

ሽማግሌው በሳምንቱ አገር ቤት ተመለሱ። ከሰባት ወር በኋላ አረፉ። ለቅሶ ልደርስ ስሄድ ሙሽራዋ ወደ ጎን ሳብ አድርጋ በቀስታ ጠየቀችኝ፦ "አባባ ያን ቀን ምን ብለው ነበር የመረቁን? አንተ ማይኩ ጋ ስለነበርክ ሰምተህ ይሆናል ብዬ ነው።"

አልሰማሁም። አልቀዳሁትምም። ሁለት መቶ ሰው አሜን ብሏል፤ ለምኑ እንዳለ የሚያውቅ ግን የለም።

ይህ ጽሑፍ ስለ ስፒከር ሳጥን ነው። ስለ ኮምፔርሳቶ፣ ስለ ዋትና ስለ ዴሲቤል አወራለሁ፤ የማትወዱ ታገሱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ጥያቄ ይዞኛል፤ መልሱንም የፈለግኩት ጋራዥ ውስጥ፣ መጋዝ ይዤ ነው። ሰውን የማንቀጥቀጥ ጉልበት ያለው ሁሉ በዚያው ልክ ነገሩን የማሰማት ዕዳ አለበት ወይ? ወይስ ሰው ከተደሰተ በቃ?

* * *

ጥፋቱን ሁሉ ቤዙ ላይ መጣል ይቀል ነበር። ግን ልክ አይሆንም።

ጓደኛዬ ብሪስቶል ተወልዶ ያደገ፣ ወላጆቹ ከጃማይካ የመጡ ልጅ ነው። ለእሱ የቤዝ ቁልል ቅብጠት አይደለም፣ የዘር ሐረግ ነው። በ1940ዎቹ መጨረሻና በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኪንግስተን ውስጥ ባለ ኦርኬስትራ ክለብ ለመግባት አቅም የሌለው ሕዝብ አምፕሊፋየርና ቁም ሳጥን የሚያክል ስፒከር መንገድ ላይ አውጥቶ የራሱን ዳንስ ቤት ሠራ። ልጆቹ እንግሊዝ ሲመጡ ብዙ በር ተዘጋባቸው። በእኛው ከተማ በብሪስቶል እስከ 1963 ድረስ የአውቶቡስ ድርጅቱ ጥቁር ሾፌርና ትኬት ቆራጭ አልቀጥርም ብሎ ነበር፤ እምቢ ብለው በአድማ ነው ያስቀየሩት። የጭፈራ ቤት በር ሲዘጋባቸው ሳጥኖቻቸውን ምድር ቤትና ሳሎን ውስጥ አስገቡ። ከ1968 ጀምሮ ደግሞ በሴንት ፖልስ ሰፈር ካርኒቫል ወደ አደባባይ ወጡ።

ከእነዚያ ሳጥኖች ብዙዎቹ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ የተቀቡ ናቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 1966 (እ.ኤ.አ.) ኪንግስተን ሲገቡ የተቀበላቸው ሕዝብ ልጆች ናቸው የቀቧቸው። ጓደኛዬ ከእኔ ጋር መሥራት የጀመረውም በዚህ የተነሳ ነው ማለት ይቻላል፤ ንጉሡ በስደት የኖሩበት ቤት ያለው እዚሁ ቅርባችን፣ ባዝ ከተማ ነው፤ መጀመሪያ የተዋወቅነውም እዚያ ነበር። እኔ ስለ ንጉሡ ያለኝ ስሜት እንደ እሱ አይደለም፤ እሱም ያውቃል። በሳጥን ግን ተስማማን።

አንድ ክረምት ሙሉ አራት የቤዝ ሳጥን ሠራን። እያንዳንዱ ባለ 18 ኢንች፣ እያንዳንዱ ሁለት ጎረምሳ የሚያስምጥ። ገንዘባችን በሙሉ እዚያ አለቀ። የሰርጉ ዕለት ከላይ ያስቀመጥነው ርካሽ አሮጌ ስፒከር ነበር። "ከላይ" ስል ማጋነኔ ነው፤ መቆሚያ ስላልነበረን ከፊት ለፊት ወለሉ ላይ ነው የተቀመጠው።

ጓደኛዬ ስለ ቤዝ የሚለው ነገር ውስጥ እውነት አለ። ቤዝ በደረት የሚሰማ "አለሁ" ነው። አለመኖርህን ሲነግሩህ ለኖሩ ሰዎች መስኮቱን ማንቀጥቀጥ ክብር ነው። ይህን ልነጥቀው አልፈልግም። ግን "አለሁ" አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። ከዚያ ቀጥሎ "ምን አልክ?" ብሎ የሚጠይቅ ይመጣል።

* * *

ምርቃቱ ምን ሆነ? ፊዚክሱ ቀላል ነው።

ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። 40 ኸርዝ የሆነ ወፍራም ድምፅ የአንዱ ሞገድ ርዝመት ከስምንት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ይህን የሚያክል ሞገድ ሰው አያግደውም፣ ወንበር አያግደውም፤ ዞሮ ያልፋል፣ ግድግዳም ያልፋል። "ስ"፣ "ፍ"፣ "ጥ"፣ "ክ" የምንላቸው ድምፆች የሚለዩት ግን በአብዛኛው ከ2000 ኸርዝ በላይ ነው፤ ሞገዳቸው ከ17 ሴንቲ ሜትር ያንሳል። ወለል ላይ ከተቀመጠ ስፒከር የወጣ "ስ" ከፊት የቆመው ሰውዬ ሱሪ ላይ ያልቃል።

አሁን ይህን ወደ አማርኛ አምጡት። የቋንቋችን ትርጉም ያለው ተነባቢው ላይ ነው፤ አናባቢው ልብስ ነው፣ አጥንቱ ስርወ ቃሉ ነው። "እግዚአብሔር ይስጣችሁ" በሉ። ቀጥሎ "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" በሉ። አናባቢያቸው አንድ ነው። "ስጥ"ን ከ"ፍት" የሚለየው በዚያ በቀጭኑ ክልል ያለች ትንፋሽ ናት። እሷ ከጠፋች ለሙሽሮች "ይስጣችሁ" ይባል "ይፍታችሁ" ይባል አይታወቅም፤ እኛ ግን አሜን ብለናል። በሰርግ ቀን "ይፍታችሁ" ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ስስቅ ቆይቼ ነው ያልሳቅኩት።

* * *

ስለዚህ ለቁልሉ የሚመጥን ትንሽ ቶፕ ለመሥራት ተነሳን፤ ቤዙ ላይ ሆኖ መካከለኛውንና ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ሳጥን። ትንሽ የሆነው ለጌጥ አይደለም። ቫናችን ሞልቷል፣ ወገባችን ተቆርጧል። አንድ ሰው ለብቻው አንስቶ መቆሚያ ላይ የሚሰቅለው መሆን ነበረበት።

እዚህ ጋ የስፒከር ሠሪዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ሕግ አለ፤ በሆፍማን ስም ይጠራል፣ "የብረት ሕግ" ይሉታል። ከአንድ ሳጥን ሦስት ነገር ትፈልጋለህ፦ ትንሽ እንዲሆን፣ ወፍራም ድምፅ እንዲያወጣ፣ በትንሽ ጉልበት ብዙ እንዲጮህ። ሁለቱን ምረጥ፤ ሦስተኛው አይሰጥህም። መጀመሪያ ስሰማው እርግማን መስሎኝ ነበር። ቆይቶ ገባኝ። የእኛ ቶፕ ትንሽ መሆን የቻለው ከ110 ኸርዝ በታች ያለውን ሁሉ "ይህ የእኔ አይደለም" ብሎ ለቤዙ ስለተወ ነው። ባለ 12 ኢንች ስፒከር፣ 35 ሊትር ገደማ የሆነ ዝግ ሳጥን፣ 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ፣ ከላዩ ለቀጭኑ ድምፅ ሆርን። በቃ። ሁሉን ልሥራ ያለ ሳጥን ግን ወይ ይገዝፋል፣ ወይ ያቃስታል።

ይህ ስለ ሰውም የሚነግረኝ ነገር አለ፤ ግን ቶሎ ልዝለለው፣ ምክር ይመስላል። የበለጠ የገረመኝ የማመጣጠኑ ነገር ነው።

የዋህ ሆኜ "ለሁሉም እኩል ዋት እንስጥ" ብዬ ነበር የጀመርኩት። እኩልነት ማለት ይሄ አይደል? አይደለም። ባለ 12 ኢንቹ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት 98 ዴሲቤል ያወጣል። ሆርኑ ላይ ያለው ድራይቨር በዚያው አንድ ዋት 108 ያወጣል። አሥር ዴሲቤል ማለት በጉልበት አሥር እጥፍ ነው። እኩል ዋት ብትሰጣቸው ሆርኑ ወንድሙን ውጦት ቁጭ ይላል። ስለዚህ የበለጠ የሚችለው፣ ከሚችለው በአንድ አሥረኛ እንዲሠራ ይደረጋል። ካልተደረገ ዘፈን የለም።

አርስቶትል በሥነ ምግባር መጽሐፉ ስለ ፍትሕ ሲያወራ ክፍፍልን የሚያስረዳው በተመጣጣኝነት ነው፤ ፍትሐዊ ድርሻ ሁልጊዜ እኩል ቁጥር አይደለም ይላል። ትምህርት ቤት ስንማረው በቃሌ ይዤው ነበር፤ የገባኝ ጋራዥ ውስጥ ነው። ገበሬም ያውቀዋል። ጠንካራውን በሬ ከደካማው ጋር ጠምዶ ጠንካራውን ብቻ የሚገርፍ ሰው እርሻው ይጣመምበታል። የቤተ ክርስቲያኑ ከበሮም ያውቀዋል። አንዱ አፉ ሰፊ፣ አንዱ አፉ ጠባብ ነው፤ መቺው ሁለቱንም በአንድ ዓይነት ጉልበት አይመታም።

በወረቀት ላይ ደምረን ስናየው አራቱ ቤዞች በአንድነት፣ እያንዳንዳቸው 800 ዋት ቢያገኙ፣ 138 ዴሲቤል ይደርሳሉ። ሁለቱ ትንንሽ ቶፖች በ400 ዋት 127 ያህል። ጓደኛዬ "አየህ፣ አሥራ አንድ ዴሲቤል ወደኋላ ቀርተናል፤ አራት ቶፕ ያስፈልጋል" አለ። አያስፈልግም። የሰው ጆሮ ለወፍራም ድምፅ ደንቆሮ ብጤ ነው፣ ለቀጭኑ ደግሞ ቀልጣፋ። ቤዝ በዚያን ያህል ሲበልጥ ነው ለጆሮ እኩል የሚመስለው። ቁጥሩ ላይ ያለው ልዩነት እሱ ራሱ ሚዛኑ ነበር።

* * *

አሁን የማፍርበትን ልንገራችሁ።

ሳጥኖቹ አልቀው መጀመሪያ የሞከርናቸው ቀን የሆርኑን ቁልፍ ከተባለው በላይ ከፍ አደረግኩት። ሆን ብዬ ነው። የሰርጉን ቀን መካስ ፈልጌ ነበር፤ አንዲት "ስ" እንዳታመልጥ። የጓደኛዬ እናት ሻይ ይዘው ወደ ጋራዡ ገቡ። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፣ በወጣትነታቸው የስንቱን ምድር ቤት ድግስ ያዩ ናቸው። ሁለት እርምጃ እንደገቡ ሻዩን መሬት አስቀምጠው ጆሯቸውን ያዙ። ቤዝ አላስደነገጣቸውም። የእኔ ጥራት ነው ያስደነገጣቸው።

ለካ ግልጽነትም ዱላ ይሆናል። ጆሮ ከሁሉ ይልቅ ስስ የሆነው ከ2000 እስከ 5000 ኸርዝ ባለው ክልል ነው፤ ተነባቢዎቻችን ባሉበት። እውነት ይዣለሁ ብሎ የሚጮህ ሰው የሚወጋን እዚያ ነው። "አልተሰማሁም" ብሎ የተቆጨ ሰው ዕድሉን ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያደርገው መጮህ ነው። እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው።

ጉዳቱ ደግሞ የስሜት ብቻ አይደለም። የጆሮ ውስጠኛ ክፍል ድምፅን የሚቀበሉ ፀጉር መሰል ሴሎች አሉት፤ በአንድ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ሰው ላይ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። በሥራ ቦታ ደኅንነት ሰዎች ዘንድ የሚሠራበት ሂሳብ አለ፦ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት፤ ከዚያ በላይ በየሦስት ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 100 ላይ ስትደርስ የቀረህ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2022 ለሙዚቃ አዳራሾች ባወጣው መመዘኛ በአሥራ አምስት ደቂቃ አማካይ ከ100 እንዳያልፍ ይላል። የኛ ቁልል ደግሞ በወረቀት ላይ 138 ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ደነቀኝ። ጩኸት ሲጎዳን አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚነካው ከ4000 ኸርዝ አካባቢ ያለውን ነው። ማለትም ዛሬ ማታ በድግስ ስም የምንወስድባቸው፣ ነገ "ይስጣችሁ"ን ከ"ይፍታችሁ" የሚለዩበትን ነው። በሰርጉ ቀን ምርቃቱን ብቻ አይደለም ያጠፋነው፤ ከፊት የቆሙትን ልጆች ወደፊት የሚመጡ ምርቃቶችንም ትንሽ ትንሽ ሸርፈንባቸው ይሆናል።

"እነሱ ራሳቸው እኮ ነው ጨምሩ የሚሉት!" ትሉኛላችሁ። እውነት ነው፤ ሁሌም ይላሉ። የሚጨፍር ሰው መርጦ ነው የመጣው፤ እሱን ማክበር ማለት እንደ ሕፃን አለመቁጠርም ነው። ግን አዳራሹ ውስጥ ያልመረጡም አሉ፦ እናቱ ትከሻ ላይ የተኛው ሕፃን፣ ሳህን የምታነሳው አስተናጋጅ፣ ከግድግዳው ወዲያ የምትኖረው ጎረቤት። በተለይ ጎረቤቷ። ግድግዳ አልፎ የሚደርሳት ወፍራሙ ብቻ ነው፤ ዜማውም ግጥሙም እዚህ ቀርቶ ለእሷ የምንልክላት ትርጉም የሌለውን ግማሽ ነው። ስለዚህ ሊሚተሩን አሰርነው፤ ከተወሰነው በላይ እንዳይሄድ። ቁልፉንም ለጓደኛዬ እናት ሰጠናቸው። ቀልድ አይደለም፤ ቁልፉ ያለው እሳቸው ጋ ነው።

* * *

አንድ የሚያስቸግረኝ ተቃውሞ ግን ቀርቷል። ይህን ያነሳብኝ ታናሽ ወንድሜ ነው።

"ቅዳሴ ቆመህ ግዕዙን ትሰማለህ?" አለኝ።

"ጥቂት ጥቂት።"

"ታዲያ አሜን አትልም?"

እላለሁ። እናቴም ዕድሜዋን ሙሉ ብላለች። ግዕዝ አልተማረችም፣ አሜኗ ግን ከማንም ሊቅ አሜን አያንስም። እንግዲህ አሜን መረዳትን የማይጠይቅ ከሆነ፣ የሰርጉ አሜንም ሙሉ ነው፤ እኔም ያለ ምክንያት ነው ራሴን የምበላው። ሰዎቹ ያመኑት ቃሉን አይደለም፣ ሽማግሌውን ነው። እሳቸው ክፉ አይመርቁም።

ለብዙ ሳምንት ይህ መልስ አጽናንቶኝ ነበር። አሁን ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። አዎ፣ የሰዎቹ አሜን ሙሉ ነበር። የሚመረምረው የእነሱ እምነት ሳይሆን የእኔ ሥራ ነው። የቅዳሴው ቃል የትም አይሄድም፤ ተጽፏል፣ ነገም ይደገማል፣ የፈለገ ጠይቆ ይረዳል። የሽማግሌው ቃል ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የወጣው፤ የሚያልፈውም በእኔ ሽቦ በኩል ነበር። ሰው አምኖ አሜን ሲል የአማኙ ዕዳ ያልቃል። የአስተላላፊው ዕዳ ግን እዚያ ላይ ይጀምራል። አምነውሃልና ግድ የለም ማለት አይቻልም፤ ያመኑህ ጊዜ ነው ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብህ።

* * *

ባለፈው ዓመት ሙሽራዋ ስልክ ይዛ ጋራዥ መጣች። ከእንግዶቹ አንዱ የቀረጸው የአርባ ሰከንድ ቪዲዮ ተገኝቶ ነው። በአዲሱ ስፒከር ይሰማ እንደሆነ ብላ። ሰካነው። ጓደኛዬ ቤዙን ጭራሽ አጠፋው። እኔ ቀጭኑን ክልል በጥንቃቄ ከፍ ዝቅ አደረግኩ። ሦስቱም ቶፑ ላይ ጆሯችንን ደቅነን አሥር ጊዜ፣ ሃያ ጊዜ ደጋገምነው።

"ልጆቼ" የሚለው ወጣ። "እንጀራ" የሚል ነገር አለ፤ ምናልባት "እንጀራ ይውጣላችሁ" ነው። ሌላው የእኛው ጉምጉምታ ነው፣ ከዚያ የሁለት መቶ ሰው አሜን። ጥሩ ስፒከር ያልተያዘን ቃል አይመልስም። አውቀው ነበር፤ ግን ተስፋ አድርጌ ነበር። እሷ "ልጆቼ ብለዋል፤ ይበቃል" አለች። ይብቃት አይብቃት አላውቅም።

በቅርቡ ልጇን ክርስትና አስነሳች። ቶፖቹን ከሰው ራስ በላይ፣ ከሁለት ሜትር በላይ ባለ መቆሚያ ላይ ሰቀልናቸው። ኪቦርድ ተጫዋቹን አስቀድሜ "ሽማግሌ ሲነሳ እጅህን ታነሳለህ" ብዬ ለምኜዋለሁ። ሪከርደሩን ሁለቴ ፈተሽኩ። አንድ አዛውንት ለምርቃት ሲነሱ ሚክሰሩን ለጓደኛዬ ትቼ ወደ አዳራሹ መጨረሻ፣ ወደ በሩ አካባቢ ሄድኩ። ጥግ ላይ ነጠላ የተከናነቡ አንዲት እናት ተቀምጠዋል፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፦

"እማማ፣ እዚህ ድረስ ይሰማዎታል?" አልኳቸው።

ዞር ብለውም አላዩኝ። "ዝም በል አንተ ልጅ" አሉኝ፤ "እየሰማሁ ነው።"